ከግድግዳ ውስጥ የወጣችው ትንሽ ጫማ

አሁን በምኖርበት የሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ ቤዝመንት ውስጥ ዕቃ የምናስቀምጥበት ክፍል አለ፤ ዝናብ ሲበረታ ግድግዳው ውኃ ያሰርግና በሩን ከፍቼ ስገባ የራሰ ኖራ ሽታ ይቀበለኛል። ሌላው ተከራይ ፊቱን አጨማዶ ቶሎ ይወጣል፤ እኔ ግን ምን ልወስድ እንደመጣሁ ረስቼ፣ የክፍሉ መብራት በራሱ ጊዜ እስኪጠፋ ድረስ ቆሜ እቀራለሁ። ያ ሽታ ከስምንት ዓመቴ እስከ አሥር ዓመቴ ከአባቴ፣ ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር የኖርኩበት ቤት ሽታ ነው።

እዚያ ቤት የገባነው ዛፎቹ ቅጠላቸውን ማራገፍ በጀመሩበት ወቅት ነበር። ዲቪ ደርሶን ከአዲስ አበባ ከመጣን ሁለት ዓመት ሆኖን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በእናቴ እህት በአክስቴ በጽጌ ቤት፣ በአንዲት ክፍል ተጣበን እንኖር ነበር። አባቴ ሙሉጌታ አገር ቤት እያለ የቤት ዕቃ በሚሠራ እንጨት ቤት የሚሠራ ሰው ነበር፤ እዚህ መጥቶ ግን ዲሲ ዳውንታውን አንድ ፓርኪንግ ውስጥ የሰው መኪና ያቆም ነበር። እናቴ አስቴር ሆቴል ታጸዳ ነበር። ወንድሜ ናሆም እዚሁ ተወልዶ ገና መራመድ መጀመሩ ነው። ታዲያ አንድ ቀን አባቴ በቤተ ክርስቲያን የሚያውቀው ሰው፣ አሌክሳንድሪያ አጠገብ የሚኖሩ አንድ አሮጊት፣ ቤታቸውን የሚጠብቅና የሚጠግን፣ ከነቤተሰቡ እዚያው የሚኖር ሰው እንደሚፈልጉ ነገረው። ኪራይ የለውም፣ ለቤተሰቡ ሁሉ የሕክምና ኢንሹራንስ አለው ሲለው፣ አባቴ ያን ዕለት ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ነው ቤት የገባው።

ቤቱ ከአሌክሳንድሪያ ወደ ደቡብ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በረጅም የጠጠር መንገድ ጫፍ ባለች ጉብታ ላይ በዛፍ ተከቦ ቆሞ ነበር። እንደዚያ ያለ ቤት አይቼ አላውቅም። ጥቋቁር እንጨቶቹ በነጩ ግድግዳ ላይ ቁልቁልና አግድም፣ አንዳንዶቹም ጎብጠው ይታያሉ፤ ፎቁ ከምድር ቤቱ ወደ ውጭ ወጣ ብሎ ሊወድቅ ያሰበ ይመስላል፤ መስኮቶቹ መዳፍ በሚያካክሉ፣ በቀጫጭን የእርሳስ ብረት በተያያዙ መስታወቶች የተሞሉ ናቸው፤ ጠቅላላው ቤት ደግሞ ወደ አንድ ጎኑ ዘንበል ብሏል። እናቴ ናሆምን እንዳቀፈች መኪናው አጠገብ ቆማ፣ «ሙሉጌታ፣ ይሄ እኮ ሊፈርስ የደረሰ ቤት ነው» አለች።

«ቆየት ያለ ነው» አላት አባቴ፤ ሻንጣዎቹን ማውረድ ጀመረ።

ባለቤቲቱ ሚስስ ሃርዊክ ይባሉ ነበር። ሰማንያን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ምርኩዝ የሚይዙ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሴት ነበሩ። ባላቸው ከሞተ ቆይቷል፤ ልጅ አልወለዱም፤ የወንድማቸው ልጆች ካሊፎርኒያ ይኖራሉ። እሳቸው ፎቅ ላይ ሲኖሩ፣ ለእኛ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ሰጡን። እኔና ናሆም የምንተኛበት ክፍል አንዱ ግድግዳ ከትልቁ ምድጃ ጭስ ማውጫ ጋር የተያያዘ ስለነበር፣ ምድጃው ሲነድ ይሞቃል፣ ሲጠፋ ደግሞ ከሁሉም ክፍል ይልቅ ይቀዘቅዝ ነበር።

የቤቱን ታሪክ ሚስስ ሃርዊክ ለአባቴ የነገሩት ብርዱ ሲገባ፣ ከእሳቱ አጠገብ ቁጭ ብለው ነበር። ቤቱ መጀመሪያ የተሠራው እንግሊዝ አገር፣ አንድ መንደር ውስጥ ነው፤ ከአራት መቶ ዓመት በፊት የሱፍ ነጋዴ ለሚስቱና ለልጆቹ ያሠራው ነው። ያን ጊዜ ጭስ ማውጫ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ እሳቱ አዳራሹ መሃል ወለሉ ላይ ይነድ ስለነበር፣ ከፎቁ ጣሪያ ሥር ያሉት እንጨቶች እስከ ዛሬ በጥላሸት ጠቁረዋል። ምድጃውና የሸክላው ጭስ ማውጫ የተጨመሩት ኋላ ነው። ዘመን አልፎ ቤቱ ሊፈርስ ሲል፣ በባቡር ሐዲድ የከበሩት የሚስስ ሃርዊክ አያት ሊጎበኙ ሄደው ኖሮ አይተውት ወደዱት፤ ገዝተው፣ በእንግሊዝ አናጢዎች ነቅለው፣ እንጨት በእንጨት፣ ሸክላ በሸክላ በመርከብ አስጭነው አመጡትና እዚህች ጉብታ ላይ መልሰው አቆሙት።

አባቴ ይህን ከሰማ በኋላ ቤቱን በሌላ ዓይን ያየው ጀመር። ከሥራ ሲያርፍ የእጅ ባትሪ ይዞ፣ እኔን አስከትሎ፣ እንጨቶቹ የሚገናኙበትን ቦታ እያሳየኝ ይዞር ነበር። ምስማር የሚባል የለም፤ የአንዱ እንጨት ጫፍ ቀጥኖ በሌላው ቀዳዳ ውስጥ ይገባና የእንጨት ችንካር ይመታበታል። መጋጠሚያው አጠገብ አናጢዎቹ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም ለማወቅ በስለት የጫሩት ምልክት አለ፤ አባቴ ጣቴን ይዞ በጭረቱ ላይ ያስኬደው ነበር። አንድ ቀን ደግሞ የግድግዳው ነጭ ልስን ተቀርፎ ውስጡ ሲታይ፣ ቀጫጭን እንጨት ተሸምኖ በጭቃ፣ በጭድና በእበት ተመርጎ አገኘውና በመዳፉ ዳበሰው።

«አያትሽ ደብረ ታቦር የሠራው ቤት እንዲሁ ነው» አለኝ። «ቋሚው፣ ማገሩ፣ ምርጊቱ፣ ሁሉም። ጭቃውን በእግሬ ያቦካሁት እኔ ነበርኩ።»

እናቴ ከወጥ ቤት ሰምታው ኖሮ፣ «ከጭቃ ቤት ሸሽተን አሜሪካ መጥተን፣ ጭቃ ቤት ገባን በለኛ» አለች፤ ሁለቱም ሳቁ። በዚያ ዘመን ገና አብረው ይስቁ ነበር።

ዛፎቹ ሲያቆጠቁጡ ሚስስ ሃርዊክ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቱን ለጎብኚ ይከፍቱ ነበር። ደረጃ መውጣት መውረዱ ስለከበዳቸው ማስጎብኘቱን ለአባቴ ተዉለት። እኔ ናሆምን ይዤ ከኋላ እከተል ነበር፤ አባቴ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ያጠናውን እንግሊዝኛ ቀስ እያለ እየተናገረ፣ ሰዎቹን ከአዳራሹ ወደ ፎቅ፣ ከፎቅ ወደ ጣሪያው ሥር ይወስዳቸዋል። በበሩ መቃን ላይ የእንባ ጠብታ የመሰሉ የሻማ ጠባሳዎች ነበሩ፤ የጥንቶቹ ሰዎች ቤቱ እንዳይቃጠል ብለው ሆን ብለው በእሳት የተኮሱት ነው እያለ ሲናገር ሰዎቹ ጠጋ ብለው ያዩ ነበር። ፓርኪንግ ሲሠራ ቀና ብሎ ሲራመድ አይቼው አላውቅም ነበር።

ሰመር ሲገባ ጭስ ማውጫው መሰንጠቁ ታወቀና አንድ ግንበኛ መጣ። አባቴ ሸክላ እያቀበለው፣ እኛ ክፍል በኩል ያለውን ግድግዳ ሲከፍቱ፣ ከምድጃው ከፍ ብሎ እጅ የምታስገባ ክፍተት ተገኘች፤ ውስጧ አንዲት ጫማ ነበረች። አባቴ በጋዜጣ ይዟት ወጥ ቤት ገባና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። የትንሽ ልጅ ጫማ ናት። ቆዳው ጠቁሮ ደርቆ እንደ እንጨት ሆኗል፤ አውራ ጣት የነበረበት ቦታ ተበስቷል፤ ሶሉ በአንድ በኩል አልቋል፤ ያ ልጅ እግሩን እያንሻፈፈ ይሄድ እንደነበር ያስታውቃል። ሁላችንም ስናያት ናሆም ወንበር ላይ ወጥቶ አነሳትና እግሩን ሊከትባት ሞከረ። ልክ ልትሆነው ትንሽ ቀርቷት ነበር። እናቴ ከእጁ ነጥቃ ወለሉ ላይ ጣለቻት።

ሚስስ ሃርዊክ ሲሰሙ በምርኩዛቸው ቀስ ብለው ወረዱ። አጎንብሰው አነሷት፤ አቧራዋን በመሐረብ ጠረጉላት። የሚሉትን አባቴ ለእናቴ ያስተረጉምላት ነበር።

«ድሮ እንግሊዝ አገር ቤት ሲሠራ፣ የልጅ ጫማ ጭስ ማውጫ ውስጥ ይደብቁ ነበር ይላሉ። ክፉ ነገር በጭስ ማውጫ እንዳይገባ፣ ልጆቹን እንዲጠብቅ።»

«ጫማውን ያደረገው ልጅስ?» አለች እናቴ። «ምን ሆነ በላቸው።»

አባቴ ጠየቃቸው። ሚስስ ሃርዊክ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይታወቅም።»

«ሞቶ ቢሆንስ? የሞተ ልጅ ጫማ ልጆቼ በሚተኙበት ግድግዳ ውስጥ? ንገራቸው፣ ይፍቀዱልንና ጓሮ እንቅበራት።»

ይህን ሲያስተረጉም የአባቴ ድምፅ አነሰ። ሚስስ ሃርዊክ አልተቆጡም። አያታቸው ቤቱን ሲያስነቅሉ ይህችኑ ጫማ እንዳገኟት፣ አናጢዎቹም ካልተመለሰች አንሠራም ብለው እንደመለሷት ነገሩን። እሳቸው የተወለዱትም ያደጉትም እዚህ ቤት ነው፤ ጫማዋ ከቤቱ አትወጣም። በማግስቱ ግንበኛው ሸክላውን ሲመልስ፣ አባቴ ጫማዋን በክፍተቷ ውስጥ አስቀመጠ፤ በላዩ ላይ በኖራ ተመረገ። እናቴ ያን ዕለት ምሳ አላቀረበችም።

ቅጠል ሲረግፍ ናሆም ማሳል ጀመረ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በፊትም ይስል ነበር፤ ያኔ ግን ማንም ከምንም ጋር አላያያዘውም። ደረቱ ሲተነፍስ ያፏጫል፤ ሲሮጥ ከንፈሩ ይጠቁራል። ዶክተሩ አስም ነው አለ፤ የምትኖሩበት ቤት እርጥበት አለው ወይ ብሎ ጠየቀ። አባቴ ወደ ቤት ሲመለስ አልጋችንን ከግድግዳው አራቀ፤ ሻጋታውን በበረኪና ፈተገ፤ እርጥበት የሚስብ ማሽን ገዝቶ አቆመ። ማሽኑ የሚያጠራቅመውን ውኃ ጠዋት ጠዋት እኔ ነበርኩ የምደፋው፤ ባልዲው አንድም ቀን ባዶ ሆኖ አያውቅም። እናቴ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን በላስቲክ ጀሪካን ጠበል እያመጣች፣ ከማሽኑ በላይ ያለውን ግድግዳ፣ ጫማዋ ያለችበትን ቦታ ትረጨው ነበር። አንዱ ግድግዳውን ሲያደርቅ ሌላዋ ታርሰዋለች። ሁለቱም ለናሆም ብለው ነው።

«ዶክተሩ እርጥበት ነው ብሏል እኮ፣ አስቴር።»

«ይሁን፣ እርጥበት ይሁን። አንተ ጫማዋን አውጣልኝ፣ እኔ እርጥበቱን እችለዋለሁ።»

«የሰው ቤት ነው። የሰው ግድግዳ አፍርሼ ንብረታቸውን ልውሰድ?»

«እንግዲያው ከዚህ ቤት እንውጣ።»

«የልጁ መድኃኒት በምን ይገዛል? ኢንሹራንሱ ከዚህ ሥራ ጋር ነው ያለው።»

ከዚያ በኋላ አንዳቸው ወጥ ቤት ሲገቡ ሌላው ይወጣ ጀመር።

በዚያው ክረምት አገሩን ሁሉ የዘጋ በረዶ ጣለ። በሁለተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ናሆም ወለሉ ላይ መኪናውን እየነዳ ሳለ ትንፋሽ አጠረው። በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት፣ ኢንሄለሩን ሰጠነው፤ ደገምንለት፤ አልያዘለትም። ለአምቡላንስ ናይን ዋን ዋን ስንደውል፣ የጠጠሩ መንገድ ስላልተጠረገ አምቡላንሱ ዋናው መንገድ ላይ እንደሚቆም ነገሩን። አባቴ ናሆምን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ደረቱ ላይ አድርጎ ጃኬቱን በላዩ ዘግቶ ወጣ። በረዶው እስከ ጭኑ ይውጠው ነበር። እናቴ ከኋላው በእሱ ዱካ እየረገጠች፣ እኔ በእሷ ዱካ እየረገጥኩ ተከተልን። የሚሰማው የአባቴ ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ የናሆም አይሰማም። ግማሽ መንገድ ላይ አባቴ ወደቀ፤ ልጁን ከፍ አድርጎ ይዞ በጉልበቱ ቆመ፤ እናቴ ጀርባውን ደገፈችው፤ ተነሣ። ዞር ብዬ ሳይ፣ ሚስስ ሃርዊክ በፎቁ መስኮት ቆመው፣ አንድ እጃቸውን መስታወቱ ላይ ዘርግተው ያዩን ነበር።

ናሆም ዳነ። ኢመርጀንሲ ሲደርስ ኦክስጅን አደረጉለት፤ ለጥቂት ቀናት አስተኙት፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ ጄሎ የሚባለውን ጣፋጭ ሲበላ አየሁት። ሆስፒታሉ በር ላይ ግን እናቴ አባቴን፣ «እዚያ ቤት አልመለስም። ልጆቼም አይመለሱም» አለችው።

«እስከ ጸደይ ታገሺኝ። ኢንሹራንስ ያለው ሌላ ሥራ ልፈልግ። እሳቸውንም በዚህ ብርድ ብቻቸውን ጥዬ…»

«እኔን ጥለኸኝ የለም እንዴ?» አለችው፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። አክስቴ ጽጌ መኪና ይዛ መጥታ ነበርና ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ወሰደችን።

ጸደይ መጣ፤ አለፈ። አባቴ በየቦታው አመለከተ፤ የሚያገኘው ሁሉ ኢንሹራንስ የሌለው ሆነ። ናሆም በእሱ ኢንሹራንስ በየወሩ ዶክተር ያየው ነበር፤ ሻል እያለው ሄደ። እናቴ፣ «አየህ፣ ከዚያ ቤት ሲወጣ ዳነ» ትለው ነበር፤ እሱም እውነት ነው እያለ ይቀበላታል። ከእውነቱ ጋር ግን ሌላም ነገር ነበር፤ አባቴ ያን ቤት ወዶታል። አሜሪካ ውስጥ እጁ የሚያውቀውን ሥራ ያገኘበት አንድ ቦታ እሱ ነበር። ይህን ለእናቴ ሲነግራት አልሰማሁም፤ እሷም ስትጠይቀው አልሰማሁም።

እኔን አርብ አርብ ከትምህርት ቤት እየወሰደኝ እሁድ ይመልሰኝ ነበር። ሲያደርሰኝ በር ላይ ይቆማል፤ እናቴ ወጥ በፕላስቲክ ዕቃ አድርጋ ትሰጠዋለች፤ ስለ ናሆም መድኃኒትና ስለ እኔ ሪፖርት ካርድ ይነጋገራሉ፤ ከዚያ «በሉ ደኅና ዋሉ» ብሎ ይሄዳል። ናሆም አንዳንዴ ከቴሌቪዥኑ ሳይነሣ፣ «ባይ፣ ዳድ» ይለው ነበር። እንዲህ እያለ ዓመታት ሄዱ።

ሚስስ ሃርዊክ በአንድ ሰመር፣ በእንቅልፋቸው ሳሉ ዐረፉ። የወንድማቸው ልጆች መሬቱን ቤት ለሚሠራ ድርጅት ሸጡት፤ ቤቱን ደግሞ ሌላ ስቴት ያለ ሰው ነቅሎ ሊወስደው ገዛው። ለማፍረስ የመጡት አናጢዎች አባቴን «አብረኸን ሥራ» አሉት። ቅጠሉ በሚረግፍበት ወራት ሁሉ ሠራ። አንድ ቅዳሜ ሄጄ አየሁት፤ ጣሪያው ወርዷል፤ ጭቃው ተራግፎ መሬት ላይ ተከምሯል፤ አጥንቱ ብቻ የቀረው ቤት ውስጥ ሰማዩ ይታያል። አባቴ መሰላል ላይ ቆሞ ችንካር በመዶሻ ከጀርባው እየመታ ያስወጣ ነበር፤ እያንዳንዱን እንጨት ሲያወርዱ ቁጥር የተጻፈበት ምልክት ያስርበታል። ጭስ ማውጫው ሲፈርስ ጫማዋ ወጣች፤ አናጢዎቹ በሣጥን አድርገው ከሸክላው ጋር ጫኗት።

ያን ቀን አባቴ እናቴን ኮል አደረጋት። እኔ አጠገቡ ነበርኩ።

«ጫማዋ ወጣች» አላት።

«ደግ» ስትል ሰማሁ። «ይበርድሃል፤ ጃኬት ልበስ።»

ብርዱ ሲጠና በሁለት ሻንጣ፣ እናቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደተከራየችው ቤት መጣ። እኔ ያን ጊዜ ትልቅ ልጅ ነበርኩ፤ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው የሚመለስ መስሎኝ ሳሎኑን ሳጸዳ ዋልኩ። እናቴ ሶፋው ላይ አነጠፈችለት። ማልዶ ይነሣና ብርድ ልብሱን አጣጥፎ፣ ትራሱን ከላዩ አድርጎ ጥግ ላይ ያኖረዋል፤ ሰው ያደረበት አይመስልም። ሻወር ለመግባት ያስፈቅዳል። ናሆም በአማርኛ የተጠየቀውን በእንግሊዝኛ እየመለሰ፣ እንደ እንግዳ ያከብረው ነበር። እናቴ ብቻዋን ቤት መምራት ለምዳለች፤ እሱ ብቻውን መኖር ለምዷል፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ ሲተላለፉ አንዱ ለሌላው ግድግዳውን ተጠግቶ ያሳልፋል። ማንም ማንንም ክፉ አልተናገረም። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ፣ ስፕሪንግፊልድ አዲስ ለያዘው ሥራ የሚቀርብ ክፍል እንዳገኘ ነገራት። እናቴ ሸሚዞቹን ተኩሳ ሻንጣው ውስጥ ደረደረችለት።

እዚያው ስፕሪንግፊልድ ሆኖ፣ እኔ ኮሌጅ በጀመርኩ በዓመቱ፣ በጸደይ፣ ሥራ ቦታው ላይ ልቡ ቆሞ ሞተ። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሰዎች ሳሎኑን ሞልተው ሳለ፣ ለዓመታት ‹የልጆቼ አባት› እያለች ስትጠራው የኖረችው እናቴ፣ «ባሌን» እያለች ስታለቅስ ሰማኋት።

ናሆም አሁን ከእኔ በጣም ይረዝማል፤ ማራቶን ይሮጣል፤ ኢንሄለር ምን እንደሆነ የረሳ ይመስላል። አንዳንድ እሁድ እየመጣ ስለ አባቴ ይጠይቀኛል፤ አብረን ስለኖርንበት ጊዜ ንገሪኝ ይለኛል፤ እኔም እነግረዋለሁ። የወጥ ቤቱ ወለል ዘንበል ያለ ስለነበር ኳሱ ሁልጊዜ እየተንከባለለ አባቴ እግር ሥር ይሄድ እንደነበር፣ አባቴም እየበላ ሳያይ በእግሩ ይመልስለት እንደነበር። እሱ ይስቃል፤ «አይ ዶንት ሪሜምበር» ይላል፤ የሌላ ሰው ታሪክ እንደሚሰማ ሰው ጸጥ ብሎ ያዳምጣል። እኔ የምኖርበት ቤት ወለሉ የተስተካከለ፣ ሙቀቱ የማይጓደል ነው፤ ለብቻዬ ይበቃኛል። ያኔ አራት ሆነን በአንድ ጠረጴዛ እንበላ ነበር። ያን የሚያስታውስ ሰው ዛሬ እኔና እናቴ ብቻ ቀርተናል፤ እናቴ ደግሞ አታነሣውም።